እማዋይሽን የፈጠርናት ሰሞን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ከልጅ ልጄ ጋር ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ሆኗል። እሷ በየሳምንቱ የምትከታተለው አንድ ድራማ አለ። ባለፈው ሰሞን መሐል ላይ ተነስታ ድምፁን ቀነሰችና፣ «አባባ፣ ይኼ ድራማ መጀመሪያ ላይ እንዴት ያምር ነበር! አሁን ግን አበላሹት» አለችኝ።

«ምኑን አበላሹት?»

«ሰውየው ዝም ብሎ ሁሉን ነገር ይደብቃል። እስከ መቼ ይደብቃል? ሰለቸኝ።»

«መጀመሪያ ላይስ ምኑን ነበር የወደድሽው?»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «መደበቁን» አለች።

እሷ ሳቀች እንጂ እኔ አልሳቅሁም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ። አንድ ነገር መጀመሪያ ያማረበት ምክንያት ራሱ በኋላ እንደሚያበላሸው ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያወቅሁትም ሰው ሞቶ ነው።

የቴሌቪዥን ሰው አይደለሁም። በጃንሆይ ዘመን ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ። ግን ድራማ ሠርቻለሁ። ያውም ሴት ሆኜ ነው የሠራሁት፤ ሳቁ እንግዲህ።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብሁት ቢቸና ነው። ክሊኒኩ ሰፊ በረንዳ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ደመወዛችን ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ባለሱቆች በዱቤ ያበሉን ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። አለቃዬ አቶ ሽብሩ ይባላሉ። ከሐረር በኩል የመጡ፣ ብዙ አገር የዞሩ፣ ጠጉራቸው ከግንባራቸው የሸሸ ሰው ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያወቅሁትን ሁሉ ከሳቸው ነው ያወቅሁት፣ ክፉውንም ጭምር።

ያን ጊዜ መርፌ አንዴ ወግተው የሚጥሉት አልነበረም። እየቀቀልን ደግመን ደጋግመን ነበር የምንወጋበት፤ ጫፉም ይዶለዱማል። አቶ ሽብሩ ጠዋት ጠዋት የላምባ ምድጃውን ለኩሰው፣ ስሪንጁ እስኪፈላ ድረስ መርፌዎቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ድንጋይ ይስሉ ነበር። ከዚያ ጫፉን በጥጥ ላይ ጎተት ያደርጉታል። አንዲት ክር ይዞ ከመጣ እንደገና ወደ ድንጋዩ። «ጥጡን የያዘ ሥጋም ይይዛል» ይሉኝ ነበር። እኔ ቸኩዬ አንዱን ሳላይ ያለፍሁ እንደሆነ፣ «እጅጌህን ሰብስብና በራስህ ክንድ ሞክራት» ይሉኛል፤ ቀልድ አይደለም፣ አስደርገውኛል።

ሌላው ልማዳቸው በሽተኛን በር ላይ መስማት ነበር። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገረው ሕመሙን አይደለም ይሉ ነበር። መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ተነስቶ በሩ ዘንድ ሲደርስ ዞር ብሎ የሚናገራት አንዲት ነገር አለች፤ እሷ ናት ሕመሙ። ስለዚህ በሽተኛውን እስከ በር ይሸኙና እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ይቆያሉ። አንድ ገበሬ ራሴን አመመኝ ብሎ መጥቶ፣ ክኒን ተቀብሎ፣ በር ላይ ሲደርስ «ጌታዬ፣ የኔ ልጆች ብቻ ለምንድን ነው የሚሞቱብኝ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚጠጡት ውኃ ከብቱ ከሚራጨው ኩሬ ነበር።

ድራማው የመጣው ከዚያች ቃል ነው። የጤና ትምህርት ስጡ ተብለን በገበያ ቀን በረንዳው ላይ ቆመን ስንለፈልፍ የሚሰማን አልነበረም። ሰው አህያውን እየነዳ በፊታችን ያልፋል። አቶ ሽብሩ አንድ ቀን፣ «ምክር ማን ይወዳል? የሰው ጓዳ እናሳያቸው» አሉ። አንድ ቤት ፈጠርን። አባወራው አያ ጎሹ፣ ሚስቲቱ እማዋይሽ። አያ ጎሹን አቶ ሽብሩ ሆኑ፤ ጎረቤቱን፣ ጠንቋዩን፣ ጭቃ ሹሙን፣ ሌላውን ሁሉ ዘበኛችን አያ ደሴ ሆነ፤ ፂም ያልነበረኝ እኔ ደግሞ ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ተከናንቤ እማዋይሽን ሆንሁ። ያ ገበሬ በር ላይ የተናገራትን ቃል አያ ጎሹ አፍ ላይ አደረግናት። አያ ጎሹ፣ «አንቺ ሴት፣ የኛ ልጆች ብቻ ለምንድን ነው?» ሲል ገበያው ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ወዲያ የትም አልሰማሁም።

የተጻፈ ነገር አልነበረንም። አቶ ሽብሩ ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ብቻ ይነግሩናል፤ የቀረው ከአፋችን ነው። ሁልጊዜም የሚያቆሙት መሐል ላይ ነው። እማዋይሽ የኩሬውን ውኃ ለልጇ ልታጠጣ ዋንጫውን ስታነሳ፣ «የቀረውን በሚቀጥለው ገበያ!» ይሉና ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሕዝቡ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ በሚቀጥለው ገበያ ግን ከማለዳ ጀምሮ ይጠብቀናል። ስንጫወት አቶ ሽብሩ የሰው ፊት አያዩም፣ እግር ነው የሚያዩት። «ፊት ያታልላል፤ የሰለቸው ሰው እግሩን ይቀያይራል» ይሉ ነበር።

ያ ዓመት መልካም ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ሴቶች ዓይኑ ያበጠ ሕፃን አዝለው እየመጡ፣ «እንደ እማዋይሽ ልጅ ሆነብኝ» ይሉን ነበር። ውኃ ማፍላት የጀመሩ ቤቶች አይቻለሁ። መንገድ ላይ ስሜን ትተው «እማዋይሽ! ደኅና አደርሽ?» ይሉኛል፤ ሳቅ ነው። ያማረበት ለምን ነበር? እውነት ስለሆነ። ሁሉም ከበራችን ላይ የተለቀመ ስለሆነ።

በሁለተኛው ዙር ነገሩ ዞረ። ያ አገር ነገር መፍታት ያውቃል። የቅኔ ተማሪዎች ከፊት ተቀምጠው፣ እኛ አንድ ነገር በተናገርን ቁጥር አንገት ለአንገት ተያይዘው «ይቺ የእገሌ ናት» ይባባላሉ፤ ወሬው ገበያውን ዞሮ ሳንጨርስ ይመለስልናል። እኛ ስም ቀይረን፣ አገር ቀይረን፣ ወንዱን ሴት አድርገን ነበር። ምን ዋጋ አለው? እንዲያውም መደበቃችን አባሰው፤ የመፍታቱን ጣዕም ወደዱት። ሰው ለትምህርቱ መምጣቱን ትቶ ለማወቅ መምጣት ጀመረ። አንዱ ጸሐፊ በሱ የመጣን መስሎት ዱላ ይዞ በረንዳችን ድረስ መጣ። ሌላው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ «እኔን መቼ ነው የምታወጡኝ?» ብሎ ለመነን።

ከሁሉ ግን አቶ ሽብሩን የጎዳቸው የበሩ ነገር ነው። በሽተኛውን ሸኝተው እጀታውን ይዘው ይቆማሉ። ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። የሚቀጥለውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ዞር የሚል ጠፋ። አንዲት ባልቴት ብቻ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙትና፣ «ተዉት ልጄ፣ ነገ በአደባባይ ትዘፍኑብኛላችሁ» አሏቸው። አቶ ሽብሩ የዚያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ጆሯችን ነበር ድራማውን የሠራው፤ ድራማው ደግሞ ጆሯችንን ደፈነው።

እዚያው ላይ ብናቆም ኖሮ! ግን ወደ ሞጣ ተዛወሩና እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን አቧራ እየጠጣን ስንጓዝ፣ «ከእንግዲህ ከበሽተኛ አንዲት ቃል አንወስድም። ሁሉን ከራሳችን እንፈጥራለን። ያን ጊዜ የሚፈታ ነገር አያገኙም» አሉኝ። እውነትም መሰለኝ። አያ ደሴም በኋላ ተከትሎን መጣ። ዝናችን ግን ቀድሞን ሞጣ ገብቶ ነበር።

ሞጣ ላይ ዘይነባን አገኘኋት። የጨርቅ ነጋዴው የእንድሪስ ሚስት ናት። ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የኖረ፣ የተከበረ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። ያን ጊዜ ነቀርሳ ማለት ሞትም ውርደትም ነው፤ ቤቱ አይገባበትም፣ በዋንጫው አይጠጣም፣ ከሱቁ አይገዛም። እንድሪስ ደግ ባል ነበር፤ ራሱ ነው ወደ እኛ ያመጣት፣ አቶ ሽብሩንም ሚስጥሩን እንዲጠብቁ ያስማላቸው። ጠዋት ጠዋት ገበያተኛው ሳይወጣ በጓሮ በኩል ትመጣለች። የምወጋት እኔ ነኝ፤ ክኒኑን ደግሞ ቤቷ ይዛ ሄዳ ትውጣለች።

«አንተ ሐኪም» ትለኛለች፣ ድሬሰር መሆኔን እያወቀች። «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ጎኔን ልትበሳው ነው? ወንፊት አደረግኸኝ እኮ!»

«እትዬ ዘይነባ፣ አይዞሽ፣ ጥጥ አይዝም» እላታለሁ። አይገባትም፣ ግን ትስቃለች። መጀመሪያ ስትስቅ ሳሉ ያጣጥፋት ነበር። ወራት አልፈው ሥጋ ለበሰች፣ ፊቷ ጠራ። ሳቋን ሳታቋርጥ የጨረሰች ቀን አቶ ሽብሩ ከውስጥ ሰምተው ወጡና ቆመው አዩዋት። እሷን ማዳን የዚያ ዓመት ደስታችን ነበር፤ ሌላ ደስታም አልነበረንም።

ሦስተኛው ዙር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የመጣው። አቶ ሽብሩ፣ «እማዋይሽ ነቀርሳ ይያዛትና ትሳል» አሉ።

ደነገጥሁ። «ይቅርብን ጌታዬ» አልኋቸው። «እትዬ ዘይነባ አለች።»

«ምኗ ነው ዘይነባን የምትመስለው? እማዋይሽ የገበሬ ሚስት ናት። የልጆች እናት ናት። ክርስቲያን ናት። ዘይነባ ነጋዴ ቤት ያለች፣ ልጅ ያልወለደች። እኔ ስፈጥራት ሆን ብዬ አርቄ ነው። ስማ፣ በየጓዳው ስንት ሰው እየሳለ ነው፤ እንደሚዳን ማን ይንገራቸው? ዝም እንበል?»

የእማዋይሽን ቀሚስ አውጥቼ አቧራውን አራገፍሁ። 

መጨረሻውን አስቀድመው ወስነውት ነበር። እማዋይሽ መርፌዋን ጨርሳ፣ ድና፣ ወፍራ፣ የልጇ ሠርግ ላይ እስክስታ ትመታለች። ከዚያ በፊት ግን መደበቋን እናሳይ አሉ። ክኒኗን የት ትደብቅ? ሳጥን ውስጥ እንዳንል ባል ይከፍተዋል፤ አልጋ ሥር እንዳንል ልጆች ያገኙታል። አስበው አስበው፣ «የበርበሬ ቅል ውስጥ! በርበሬ ቅል ማን እጁን ያገባል?» አሉና በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። ከራሳቸው ጭንቅላት ነው ያወጡት፤ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ።

በገበያው ቀን በረንዳው ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳልሁ። እንደማንኛውም የሚስል ሰው ጎኔን ይዤ ሳልሁ፤ ሌላ እንዴት ይሳላል? ግራ ቀኝ አየሁ፣ ቅሉን አነሳሁ፣ ክኒኑን አውጥቼ ዋጥሁና መልሼ ከደንሁት።  አቶ ሽብሩ «የቀረውን በሚቀጥለው ገበያ!» ብለው ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እግራቸውን አየህ? አንድም የተንቀሳቀሰ የለም!»

እኔ ግን ያየሁት አንገታቸውን ነው። እግራቸው ወደ እኛ ቆሞ አንገታቸው ወደ ኋላ ዞሯል፤ ወደ እንድሪስ ሱቅ። አንዲት ውኃ ቀጂ ዘይነባን በማለዳ በጓሮ በራችን ስትገባ አይታት ኖሯል። ሌላይቱ ደግሞ ድሮ ስትስል ሰምታታለች። «የሚወጋትስ ማን ሆነና? ይኸው ይቺ እማዋይሽ አይደለችም?» ተባለ። እኔን ነው።

በማግስቱ ዘይነባ አልመጣችም። ስሪንጁን ቀቅዬ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። አቶ ሽብሩ ኮታቸውን ደርበው፣ «ና እንሂድ» አሉኝ።

እንድሪስ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። በገበያ ሰዓት ብቻውን! ወጪ ወራጁ ማዶውን ይዞ ነው የሚያልፈው።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ ሳይነሳ።

«መርፌዋ እንዳይቋረጥ ነው የመጣነው» አሉ አቶ ሽብሩ። «እንድሪስ፣ ስማኝ፣ አሁን ከተቋረጠ በሽታው እንደገና ይነሳባታል፤ ሁለተኛ መድኃኒት አይመልሰውም።»

«ጓዳዬን ለገበያ አወጣችሁት። አሁን ደግሞ መድኃኒት?»

«የሷን አላወጣሁም። ያቺን ሴት እኔ ነኝ የፈጠርኋት።»

«የፈጠረ አላህ ነው» አለ እንድሪስ። ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እንኳ ባሏ ሆኜ ክኒኗን የት እንደምታኖር አላውቅም ነበር። እናንተን ሰምቼ ቤት ገባሁ። የበርበሬውን ቅል ከፈትሁ። እዚያው ነው ያለው! ይኼን ደግሞ ፈጠርሁት ይበሉኝ!»

 «እውነት?» አሉ አቶ ሽብሩ በቀስታ፣ እንደ ሕፃን። ምን ይበሉ? በሚገባ ስለፈጠሯት እኮ ነው። የትኛዋም ሴት የምትደብቅበትን ቦታ አስበው ደረሱበት፤ ዘይነባም ሴት ናት፣ እዚያው ደበቀች። ቢቸና ላይ እውነቱን ወስደን ሐሰት አስመሰልነው፣ ፈቱት። ሞጣ ላይ ሐሰቱን ፈጠርን፣ እውነት ሆኖ ተገኘ። ወዴት እንሽሽ?

ከመጋረጃው ወዲያ ዘይነባ ሳለች። ቀረብ ብዬ፣ «እትዬ ዘይነባ፣ በእናቴ ሞት፣ እኔ አልተናገርሁም» አልሁ።

«ታዲያ ቅሏን ማን ነገራችሁ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። በእውነት ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። አንጀቴን በላችው። ብነግራትስ ማን ያምናል?

«ነይ ብቻ፣ መርፌሽን ጨርሺ» አልኋት።

«እሱ ካለ እመጣለሁ» አለች።

እሱም አላለም። «ከእጃችሁ ውኃ እንኳ አትቀበልም» ብሎ አስወጣን።

አቶ ሽብሩ የመዳኑን ክፍል ቶሎ እናሳይ ብለው ተነሱ። እማዋይሽ ስትድን ሰው ካየ ከሱቁም አይሸሽም፣ እንድሪስም ይለዝባል ብለው ነው። አልተፈቀደላቸውም። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ለወረዳው ገዥ አቤት ብለው ስለነበር ጨዋታው የሚቀጥለው ገበያ ሳይደርስ ታገደ። ይኼ ሁሉ ክፉ ሥራ ሲታይ የከለከለን የለም፤ መልካሙ ሊመጣ ሲል ታገደ። ያ ሕዝብ ያየው መጨረሻ እማዋይሽ ክኒን ስትደብቅ ነው።

እንድሪስ ዘይነባን ወደ ወላጆቿ አገር ሰደዳት። መድኃኒቱን በነጋዴ እጅ ላክንላት፤ እሽጉ ሳይፈታ ተመለሰ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ። ሰማዩ ሲከፈት አያ ደሴ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና መሞቷን ነገረን። አቶ ሽብሩ ቁጭ አሉ። እኔ ወጥቼ ከክሊኒኩ ጀርባ አለቀስሁ፤ እንደ ሴት አለቀስሁ ቢባልም አላፍርም፣ ሴት ሆኜ ነው የገደልኋት።

ከዚያ በኋላ አቶ ሽብሩ ሰው አልሆኑም። ሌላ ቦታ ተዛውረው እስኪሄዱ ድረስ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ግን በሽተኛ መሸኘት ተዉ። ተቀምጠው ይሰማሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ «ቀጣይ» ይላሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ በስንትና ስንት ጤና ጣቢያ ሠራሁ፤ መርፌውም ተለወጠ፣ ድሬሰር የሚባለውም ስም ቀረ። ትምህርት በድራማ እናስተላልፍ የሚል ባለሙያ በመጣ ቁጥር እኔ ወንበሬን አንስቼ እወጣ ነበር። ክፉ ሽማግሌ ይሉኛል። ይበሉኝ። ባናሳይ ሰው አይመጣም ነበር፤ ብናሳይ ይኼው። ሦስተኛ መንገድ ካለ አላየሁትም፣ ሊታየኝም አልቻለም።

ለልጅ ልጄ ይኼን ሁሉ አልነገርኋትም። ዘይነባ በሞተች ጊዜ ልቅሶ ለመድረስ እኔና አቶ ሽብሩ ስንት ቀን ስንማከር እንደሰነበትን፣ ፈርተን እንደቀረንም አልነገርኋትም። ልቅሶው ካለፈ በኋላ ግን፣ ያኔ ገና ሞጣ ሳለን አንድ ከሰዓት፣ ከፖስታ ቤት ስንመለስ፣ እንድሪስ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ጠራን። ሊሰድበን መስሎኝ ነበር። ከስቷል፣ ፂሙም አድጓል። አስገባንና ወንበር ሰጠን። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ አቶ ሽብሩ «አላህ ያጽናህ» አሉት፣ እሱም «አሚን» አለ። 

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለ። «ያቺ እማዋይሽ ያላችኋት ሴትዮ... ሳትጨርሱት ቀረ እኮ። መጨረሻዋ ምን ነበር?»

አቶ ሽብሩ ወደ እኔ አዩ። እንዲዋሹ በሆዴ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን መዋሸት አያውቁም።

«ትድናለች» አሉ። «መርፌዋን ትጨርስና ትድናለች። ልጇን ትድራለች።»

እንድሪስ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው የኔዋ አልነበረችማ» አለ። «እንዲያው በከንቱ ነው መርፌዋን ያስቀረሁባት።»